ቡሬ ላይ ባሕር የለካንበት ገመድ

መርከበኛ ነበርሁ ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ! የሰለጠንሁት ቡሬ ነው ስለው ደግሞ ሳቁን ይተውና ያዝንልኛል፤ ዐይኑ «ይኸን ሽማግሌ ጸበል የሚያደርሰው ዘመድ የለውም እንዴ?» ይላል። ምን ላድርግ፣ እውነቱ ይኸው ነው። ባሕር በመጽሐፍ ብቻ በሚታወቅበት፣ ጤፍና ዳጉሳ በሚታረስበት አገር፣ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር የባሕር ተጠባባቂ ጦር ማሰልጠኛ ነበረ። እኔም ነጭ ልብስ ለብሼ፣ ነጭ ቆብ ደፍቼ፣ እዚያው ጭቃ ላይ መርከበኛ ተብያለሁ። የሚያምነኝ ይመነኝ።

ለምን እዚያ እንደተተከለ እስከ ዛሬ አጥርቶ የነገረኝ የለም። አንዱ፣ አንድ ትልቅ ሰው በክረምት ሲያልፉ የፈጠም ወንዝ ሞልቶ መኪናቸውን አግዶ ቢያውላቸው «ይኸ ሁሉ ውሃ እያለ እንዴት መርከበኛ የለም?» ብለው አዘዙ ይላል። ሌላው፣ በካርታ ላይ አባይን ያየ ሹም ነው ይላል፤ አባይ በካርታ ላይ ሰማያዊ ነውና። ደብተራዎቹ ደግሞ «ኖኅስ መርከቡን የሠራው በደረቅ መሬት አይደለም ወይ?» ብለው ነገሩን ዘጉት። እኔ የማውቀው ጣሊያን ጥሎት የሄደው መጋዘን ባዶ እንደነበረ ነው። ባዶ ቤት ካለ መንግሥት የሚያስገባበት አያጣም።

አለቃችን ምጽዋ ያደጉ፣ ፀሐይ ያጠቆራቸው፣ ሲቆጡ የሚያስፈሩ፣ ሲስቁ ግን የሚያስቁ ሰው ነበሩ። ገና እንደገባን ግቢውን ዙሪያውን ኖራ የተቀባ ድንጋይ አስደረደሩና «ከዚህ ወዲህ መርከብ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ባሕር ነው» አሉን። ባሕር ያሉት የከተማው ሰው ከብት የሚያግጥበትን መስክ ነው። ከግቢ መውጣት «ወደ ምድር መውረድ» ተባለ፤ ሳያስፈቅድ የወረደ እንደ ሰጠመ ተቆጥሮ ይቀጣል። አንድ ቀን የጎረቤት አህያ ድንጋዩን ተሻግራ ገባችና የወጥ ቤቱን ጎመን በላች። ሁላችንም ቆመን አየናት። ልናባርራት ብንል ፈቃድ የሚሰጡን አለቃችን ገበያ ወርደው ነበር።

የተመለመልነው ከጅጋም ከደምበጫም ከሽንዲም የተለቃቀምን ነን። ግማሻችን ገበሬ፣ ግማሻችን ቅኔ ቤት ያስመረረው ተማሪ። ዋና የሚችል ማን አለ ሲባል ሁላችንም እጃችንን ወደ ኋላ አደረግን። አንድ የደምበጫ ልጅ ብቻ «የበሬ ጭራ ይዤ ወንዝ ተሻግሬ አውቃለሁ» አለና እዚያው የዋና አለቃ ሆኖ ተሾመ።

እኔ የገባሁት አባቴን አስፈቅጄ ነው። አባቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው አገራችን ርስታቸውን የሚያርሱ፣ ቃላቸው አንድ የሆነ ገበሬ ናቸው። መጀመሪያ ስነግራቸው «መንግሥት ልብስ አልብሶ በደኅና የመለሰው ሰው አላውቅም» አሉ። ተጠባባቂ ማለት በበጋ ሰልጥኖ በእርሻ ጊዜ የሚመለስ ነው ብዬ ሳስረዳቸው ግን «ለእርሻ ከደረስህ ሂድ» አሉኝ። አንድ ልጃቸው ነኝ፤ ከእኔ በፊት የተወለዱት አልበረከቱም። ርስቱ የሚያልፈው ለእኔ ነው፤ ሲሞቱም አልጋቸውን ከፊት ሆኜ የምሸከመው እኔ ነኝ። በእኛ አገር ከዚህ በላይ ልጅነት የለም።

እንግዲህ ወደ ጉዱ ልግባ። የትምህርታችን ራሱ የባሕር ጥልቀት መለኪያ ገመድ ነበር። ረጅም ገመድ ነው፤ ጫፉ ላይ ከባድ እርሳስ ታስሯል፤ በየመካከሉ ቁራጭ ቆዳ፣ ነጭ ጨርቅ፣ ቀይ ጨርቅ ተቋጥሮበታል። መርከብ ወደ ዳር ስትጠጋ አንዱ ከፊት ይቆምና ገመዱን አወዛውዞ ይጥለዋል፤ እርሳሱ ታች ሲደርስ በምልክቱ አይቶ ጥልቀቱን ይጮሃል፤ ሌላው ይጽፋል። መርከቧ ትሄዳለች፣ እንደገና ይጣላል። የእኛ መርከብ ግን አትሄድም። ስለዚህ አለቃችን ብልሃት ፈጠሩ፦ ገመዱን ወደ ፊት እንጥላለን፣ እርሳሱ ወደ ወደቀበት እንራመዳለን፣ ቁጥር እንጮሃለን፣ አሁንም እንጥላለን። ቁጥሩን ከየት ታመጡታላችሁ ካላችሁ፣ ከሆዳችን ነው። ግቢው ሲጠበን ደግሞ ከድንጋዩ ወዲያ ወጣን፤ ባሕሩ ላይ ማለት ነው።

ምነው ሸዋ! በዚያ ዘመን ጎጃም መሬት ላይ ገመድ ይዞ መውጣት እሳት ይዞ ክምር ሥር እንደመጫወት ነበር። መንግሥት መሬት አስለክቶ ግብር ሊጥል ነው የሚል ወሬ አገሩን አሳብዶታል። የእኛ ሰው ርስቱን በአያት በቅድመ አያቱ ስም እንጂ በክንድ አያውቀውም፤ ቃላድ፣ ያ የመሬት መለኪያ ገመድ፣ የተጣለበት መሬት ነገ የሌላ ነው፣ ባለርስቱም ጭሰኛ ይሆናል ብሎ ነው የሚያምን። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ በሬ የሚጎትት ገመድ እንኳ ሲያይ ዐይኑን የሚያፈጥ ሰው ሞልቶ ነበር። አለቃችን የባሕር ሰው ናቸው፣ ይኸን አያውቁም። እኛስ? እኛ እናውቃለን። ግን ባሕር እየለካን ነው የተባልነውን አምነን ኖሯል! ሰው ሲደጋገምበት የማያምነው ነገር የለም።

የገበያ ቀን ጠዋት ነበር። ገመድ ጣይ እኔ ነኝ፤ ድምፅህ ያምራል ተብዬ። ጥዬ፣ ተራምጄ፣ «ሰባት!» ብዬ ስጮህ ከመንገዱ በኩል «ቁም!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል አባቴ። ምንሽር ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አውርደው ይዘውታል። ከኋላቸው የአገራችን ሰዎች እህል የጫኑ አህዮቻቸውን መንገድ ላይ ትተው እየመጡ ነው።

«ምን እያደረግህ ነው?» አሉኝ አባቴ።

አለቃችን ቀደሙኝ፤ ጨዋ ሰው ናቸውና ቆባቸውን አውልቀው እጅ ነሱና «አይዞዎት አባቴ፣ ባሕር እየለካን ነው» አሉ።

አባቴ ወደ ሣሩ አዩ። ጎረቤቶቻችንም ወደ ሣሩ አዩ። ሣሩን ላሞች ይግጡታል።

«ሰማችሁ?» አለ አንዱ ጎረቤታችን። «ሲለኩት ባሕር ነው፤ ሲያስገብሩት መሬት ይሆናል።»

አባቴ እሱን አልሰሙትም፤ እኔን ነው የሚያዩት። «ቁጥሩን የምትጠራው አንተ ነህ?»

«አዎ አባባ፣ ግን እኮ...»

«ያ የሚጽፈው አንተ የምትጠራውን ነው?»

«አዎ፣ ግን...»

«በቃ። ከዛሬ ወዲያ ልጄ አይደለህም። ብሞት አልጋዬን እንዳትሸከም፤ መቃብሬ አፋፍ እንዳትቆም።» ወደ ሰዎቹ ዞሩና «ሰምታችኋል?» አሏቸው።

«ሰምተናል» አሉ።

በምስክር ፊት የወጣ እንዲህ ያለ ቃል በእኛ አገር በኋላ በማዘን አይነሳም። አባቴ ምንሽራቸውን መልሰው አንግተው አህያቸውን ነድተው ወደ ገበያ ሄዱ። ቢተኩሱብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ከምሬ ነው። አለቃችን «ኧረ ምን አጠፋን?» እያሉ ግራ ሲጋቡ ጓደኞቼ ስለ ቃላዱ ነገሯቸው። ሰውየው ራሳቸውን ይዘው ሣሩ ላይ፣ ባሕሩ መካከል፣ ቁጭ አሉ።

እናቴ በሰው እጅ ትልክልኝ የነበረውን ስንቅ አቆመች፤ ብትወድም ከባሏ ቃል አትወጣም። የአገራችን ሰው ከተማ ሲያገኘኝ መንገድ ይለቅልኛል፤ አክብሮኝ እንዳይመስላችሁ። በመጨረሻ ወደ አባቴ የንስሐ አባት ዘንድ ሄድሁ። ቄሱ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ ከዚያ ግን ፊታቸውን አኮሳተሩ።

«ድንጋይ ተሸክመህ ትገባለህ፤ ሽማግሌ አስቀምጣለሁ» አሉኝ። «ገመዱን ያስያዘህም ሰው አብሮህ ይሸከማል።»

ለአለቃችን ስነግራቸው «በባሕር ጦር ደንብ ድንጋይ ስለመሸከም የተጻፈ ነገር የለም» አሉ።

ይኸንን ለቄሱ ባደርስላቸው «እንግዲያ ይጨመርበታ!» አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር፣ አባቴ ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀምጠው፣ እኔና አለቃችን ድንጋይ በጫንቃችን ተሸክመን ተንበረከክን። የምጽዋው ሰው ነጭ ልብሳቸው በአፈር ቀልሟል፤ ፊታቸው በላብ ተዘፍቋል፤ ግን ድንጋያቸውን ከእኔ አስበልጠው ነበር የመረጡት። ሽማግሌዎቹ «ገመዱ የውሃ ከሆነ በውሃ እንየው» አሉ። ሁላችንም ወደ ፈጠም ወረድን። አለቃችን ውሃው ረጋ ካለበት ላይ እርሳሱን ጣሉት፤ ገመዱ ቁልቁል ሄደ፤ ቀይዋ ጨርቅ ሳትነከር ቆመ። ጥልቀቱን ጠሩ።

አንድ ሽማግሌ ወደ ውሃው እያዩ «እንግዲህ ውሃውንም ሊያስገብሩት ነዋ!» አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴም ሳይወዱ ከንፈራቸው ሸሸ። ግን ሳቅ ለብቻው አያስታርቅም። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተመልሰን እኔና አለቃችን በሩን ይዘን፣ ገመድ ይዘን መሬት እንዳንለካ ማልን። ያን ጊዜ አባቴ ተነሥተው መጡና ድንጋዩን ከጫንቃዬ ላይ በገዛ እጃቸው አነሱልኝ። አለቀስሁ፤ አለቃችንም አለቀሱ። እሳቸውን ምን እንዳስለቀሳቸው አላውቅም፤ ምናልባት የድንጋዩ ክብደት ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ገበያ በወረዱ ቁጥር ወደ ግቢያችን ብቅ ይሉ ጀመር። ኖራ የተቀባውን ድንጋይ ሳይሻገሩ ቆመው «ልግባ?» ይላሉ፤ ደንባችንን ያከበረልን የውጭ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። አንድ ቀን አለቃችንን «ለመሆኑ ባሕር ስንት ክንድ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ዳር ዳሩን እንለካዋለን» አሉ አለቃችን። «መካከሉን ግን ይኸ ገመድ አይደርስበትም።»

«ማን ይገብርለታል?»

«ማንም።»

«ወሰን ገፊስ?»

«ወሰን ከሌለው ምኑ ይገፋል?»

አባቴ ከብቱ ወደሚግጥበት መስክ ዞረው አዩ። «እና እንዲህ ያለ አገር እያለ ነው» አሉ በኋላ፣ «እኔ ለአንዲት ትልም ከወንድሜ ልጅ ጋር ስሟገት ያረጀሁት?»

አባቴን ባሕር ያዛቸው። ሌላ ምን ይባላል? ከመካከላችን የበረቱት ከክረምቱ በኋላ ምጽዋ ይሄዳሉ ተብሎ ስለነበር በየገበያው፣ በየለቅሶው «ልጄ ማንም ለክቶት ወደማያውቅ አገር ሊሄድ ነው» እያሉ ያወሩ ጀመር። ስንቄ ተመለሰ፤ እንዲያውም በእጥፍ። እኔም መሄዱን ክፉኛ ተመኘሁት። ሳላየው ናፈቀኝ፤ ማታ ማታ እያሰብሁት ደረቴ ይሞቅ ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ሹም ከፍኖተ ሰላም በላንድሮቨር መጡ። የከተማዋ ስም የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ በዚያ መንገድ የመጣ ሹም ግን ሰላም አምጥቶልን አያውቅም። አሰለፉን። መሬት ለኪዎች ከላይ መምጣታቸውን፣ በአገሩ ግን ገመድ የሚይዝላቸው ሰው መጥፋቱን ነገሩን። «እናንተ ዘንድ ገመድ መጣል የሰለጠነ ሰው ሞልቷል አሉኝ» አሉ ደስ ብሏቸው። ገመድ የያዘ ቀጥታ ምጽዋ ይሄዳል። እምቢ ያለ ልብሱን አውልቆ ወደ ቤቱ።

ወይ ጉድ! ለካ አባቴና ጎረቤቶቻችን ተሳስተው ኖሮ ልክ ነበሩ። የባሕሩ ገመድ አዙሮ አዙሮ ከመሬቱ ላይ ሊወድቅ ነው። እኛም የመንግሥት ልጆች፣ ባሕር ስንለካ ከርመን፣ የአባቶቻችንን ማሳ ልንለካ ነው።

አለቃችን ለብቻዬ ጠሩኝ። ዐይናቸውን ከመሬት አላነሱም። «እኔ ምያለሁ፤ አዛዦቼ ግን አልማሉም» አሉ። «አንተ ከሁሉ ትሻላለህ። አንድ ቀን ያዝላቸውና ባሕርህን እይ። እግዜር ይረዳሃል።»

ልብሴን አውልቄ አጥፌ ሰጠኋቸው። እየወደድሁ እንዳይመስላችሁ፤ እየተናደድሁ ነው። በሹሙም፣ በገመዱም፣ በአባቴም፣ በመሐላውም ተናድጄ ነበር። አለቃችን ልብሱን ሲቀበሉኝ እግራቸውን ገጥመው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡኝ። ለተባረረ ሰው ሰላምታ አይሰጥም።

የሆነውን ልንገራችሁ። ለኪዎቹ ጓደኞቼን ገመድ አስይዘው አንድ ጠዋት ከከተማ ወጡ። ገና የመጀመሪያውን ኮረብታ ሳያልፉ ጡሩንባ ተነፋ፤ ሸንተረሩ በባለጠመንጃ ተሞላ፤ አንድ ጥይት ወደ ሰማይ ተተኮሰ። ሁሉም እግሬ አውጪኝ ብለው ተመለሱ። ገመዱ ከጓደኞቼ ትከሻ ሳይወርድ ነው የተመለሰው። ቆይቶ ደግሞ ልኬታው ቀረ ተባለ። ጓደኞቼ ግን ገመድ ይዘዋልና ቃል እንደተገባው ምጽዋ ሄዱ። ያ የበሬ ጭራ ይዞ የተሻገረው የደምበጫ ልጅ የደንቡ መርከበኛ ሆነ። መሬት አልለኩ፣ ማንንም አልበደሉ፣ ባሕሩንም አዩ። መጋዘኑም ብዙ ሳይቆይ ተዘግቶ የእህል ማከማቻ ሆነ።

ይኸን ሁሉ የሰማሁት ኋላ ነው። ልብሴን ባስረከብሁበት ቀን ግን የእኔ ነገር ኩራት ኩራት እያለኝ ነበር ቤት የደረስሁት። አባቴ ደጅ ላይ ሞፈር ይጠርባሉ።

«አባባ፣ መሬት ለኩ ቢሉን እምቢ ብዬ መጣሁ። መሐላዬን ጠበቅሁ» አልኋቸው።

መጥረቢያውን አስቀመጡ። «ደግ አድርገሃል። የአባትህ ልጅ ነህ» አሉኝ። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ መረቀኝ። ሰዉ ከተበተነ በኋላ ግን አባቴ ወደ እኔ ሳያዩ «ባሕሩስ?» አሉ።

«ቀረ።»

«ቀረ» አሉ እሳቸውም። ሞፈሩን አነሱት፤ መልሰው ጣሉት። «እኔ መሬቱን የጠበቅሁት ለአንተ ብዬ ነበር። አሁን አንተ ለመሬቱ ብለህ ቀረህ።»

በዚያን ሳምንት ሞፈሩ ሳይጠረብ ሰነበተ፤ እናቴ የቀረበላቸውን ሳይነኩ ነው የሚያሳድሩት አለችኝ።

ዓመታት አለፉ። አገባሁ፣ ወለድሁ፣ ርስቱን አረስሁ። አባቴ ዐይናቸው ደክሞ፣ ወገባቸው ጎብጦ ነበር። የማኅበር ተራ ደርሶን ቤታችን በሰው ሞልቶ ሳለ፣ ከጅጋ የመጣ የጎረቤታችን አማች አብሮ ተጋብዞ ነበር። እኔ ማሰሮ ይዤ እየዞርሁ እቀዳለሁ። አባቴ እንግዳውን ጠሩና «ይኸን ልጄን አየኸው?» አሉ። «መርከበኛ ነው። ባሕር አይቷል።»

ያ ሁሉ ጎረቤት እውነቱን ያውቃል። የንስሐ አባታችንም ያውቃሉ፤ ዋንጫቸው ውስጥ የወደቀ ነገር ያለ ይመስል አቀርቅረው ያያሉ። አባቴ በሕይወታቸው ስለ ወሰን እንኳ፣ ርስት በሚያሳጣ ነገር እንኳ፣ በሐሰት የተናገሩ ሰው አይደሉም። እኔም ብሆን መሐላ ጠብቄ ነው ባሕሩን ያጣሁት።

«እውነት?» አለ እንግዳው ወደ እኔ ዞሮ። «በዐይንህ አይተኸዋል?»

አባቴ በደከመው ዐይናቸው ያዩኛል።

«አዎ፣ አይቻለሁ» አልሁ።

አባቴ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ፤ ማሰሮውን ከእጄ ተቀበሉኝ። በእኛ አገር አባት ለልጁ አይቀዳም። ዋንጫ አስያዙኝና ቆመው ቀዱልኝ፤ ዐይናቸው ስለደከመ ግማሹ መሬት ላይ ፈሰሰ።